ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ለላም ይሁን እንጂ ዘንድሮ ለኮምፒዩተር ቢተረት ያንስበታል እንጂ አይበዛበትም። እንዴት ቢሉ፣ ሩቅ ሳልሄድ ከገዛ ቤቴ ልጀምር።

የእህቴ ልጅ አምና ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ስሟንም የትምህርት ቤቷንም ስም እዚህ አልጽፍም፤ ታናናሾቿ ገና እዚያው ግቢ ይማራሉና። አንድ ማታ ለፈተና ስታጠና የአይቲ ደብተሯን አንስቼ አገላበጥኩ። በአንዱ ገጽ ላይ ረጅም ጅራት ያላት እንቁላል መሳይ ነገር ተስላለች።

«ይቺ ደግሞ ምንድናት?» አልኳት።

«ማውስ ናት፣ ጋሼ።»

«የእውነቷ አይጥ መስላኝ እኮ ነው!»

«ቲቸር ሰሌዳ ላይ የሳላት እንደዚህ ነው።»

«ነክተሻት ታውቂያለሽ?»

«ኧረ የት አግኝቼ! ክፍሉ ሁልጊዜ ቁልፍ ነው።»

ነገሩ ከነከነኝና በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ የብረት ፍርግርግ አለ፤ በፍርግርጉ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። በመስኮት አጮልቄ ሳይ ሃያ የሚሆኑ ኮምፒዩተሮች ነጭ ጨርቅ ለብሰው በረድፍ ተቀምጠዋል። በጨርቁ ላይ አቧራ፣ በአቧራው ላይ የድመት ዱካ! ማውሶቹን ፍለጋ ገብታ ይሆን? ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየልኝም።

መምህሩ ወጣት ነው። የተማረው ይህንኑ ሙያ ነው፤ ሙያውንም ይወዳል። «ወንድሜ፣ እኔም እንደ ልጆቹ በመስኮት ነው የማያቸው» አለኝ። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። ንብረት ክፍሉ ያለ ርዕሰ መምህሩ ፊርማ አይከፍትም። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «አንዱ ቢሰበር ከማን ደመወዝ ሊቆረጥ ነው?» ባይ ናቸው። እሳቸውም አይፈረድባቸውም። ኮምፒዩተሩ በስማቸው ተመዝግቧል፤ የልጆቹ አለማወቅ ግን በማንም ስም አልተመዘገበም። «ከሃያው ስንቱ ይሠራል?» ብዬ ብጠይቀው መምህሩ ፈገግ አለና «በመዝገብ ላይ ሁሉም ይሠራሉ» አለኝ።

ይህን ያየሁት በአንድ ግቢ ነው። በሌላው ግቢ እንዴት እንደሆነ፣ ልጅ ያለው አንባቢ ዛሬ ማታ ልጁን ይጠይቅና መልሱን ራሱ ያግኝ።

በዚህ አገር ለትምህርት ቤት ዕቃ ሲገባ ከበሮ ይመታል። ዕቃው ከገባ በኋላ ልጁ የት እንደቆመ ግን ዘወር ብሎ የሚያይ የለም። እኔ ራሴ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተሰቅለው፣ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይመጣልን ነበር። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይጠይቀናል፤ እኛ ጥያቄውን ሳንጨርስ መልሱን ራሱ ይመልሳል፤ ቀጥሎም «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያመሰግነናል። ስልሳ ልጆች ምንም ሳንናገር ተመስግነን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር! መምህራችንም ጥግ ላይ ቆመው ከእኛ ጋር ያያሉ።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2008 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ዓለም አቀፍ ዘመቻ እኛም ዘንድ ደረሰና ጥቂት ሺህ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ለተመረጡ ትምህርት ቤቶች ታደሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ይኸው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት ከነሣጥኑ ሰጥቶ፣ አስተማሪ ሳያቆም ሄደ። ታብሌቱ የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በአደባባይ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ ታብሌቶቹን ከያዙ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከነመዝጊያው ፈትተው ከፈቱት። ሰውየው ወሬያቸውን አሳምረው ተናግረው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ልብ በሉ፤ ልጆቹ ሲከፈትላቸው ያልጠበቁት ካሜራውን ነው። ልጅ ማሽን ሲያገኝ የመጀመሪያ ፍላጎቱ የማሽኑን ብልቶች ስም መሸምደድ ሳይሆን የጓደኛውን ፊት ማንሳት ነው። በዚህ ነገር ላይ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዛሬስ? በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን «መካከለኛ ደረጃ» ብሎ ለይቶ አወጣቸው፤ የኮምፒዩተር ትምህርትም መጽሐፍ ተዘጋጅቶለት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነላቸው። ይበል የሚያሰኝ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማስተማር መርሐ ግብር በይፋ ተጀመረ። በዚያው ክረምት የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጠ። እንግዲህ አስቡት! ዛሬ ማውስን ከሰሌዳ የምትገለብጠው ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ የሕይወቷን ፈተና በኮምፒዩተር ፊት ቁጭ ብላ ልትፈተን ትችላለች። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ጥያቄውን እያወቀችው ጠቅ ማድረጉ ቢያደናግራት፣ ያን ጊዜ የሚቆረጠው ከርዕሰ መምህሩ ደመወዝ ሳይሆን ከእሷ ዕድሜ ነው።

ሽምደዳው አልሠራም ያልነው እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዞች እንኳ ለዓመታት ልጆቻቸውን የቢሮ ፕሮግራም አጠቃቀም ሲያስደግሙ ከርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የአገሪቱ የሳይንስ ማኅበር ትምህርቱ ልጆቹን አሰልችቷል፣ ይለወጥ አለ። በ2014 አሮጌውን ትምህርት አንስተው ልጆች ራሳቸው የሚሠሩበትን ተኩ። እነሱ ማሽኑ እያላቸው የሰለቻቸውን ነገር እኛ ያለ ማሽን እያስተማርነው ነው!

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉድ ልለፍ። ግንቦት ላይ ያቺው የእህቴ ልጅ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛ መጣች። «የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የምረቃ ኮሚቴ» ይላል። ጋውን፣ ቆብ፣ ፎቶ ግራፍና «የዓመቱ መጽሔት» በጠቅላላው 1,500 ብር። ከታች በደማቁ «በወቅቱ ያልከፈለ ተማሪ ፎቶው በመጽሔቱ ላይ አይወጣም» ተብሏል።

እህቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ናት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ አጣጠፈችውና «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ልጅቷም አልጠየቀችም። ደኻ ቤት ያደገ ልጅ መቼ እንደማይጠየቅ ያውቃል።

የካቻምናውን መጽሔት ከጎረቤት ተውሼ አየሁት። ወረቀቱ ያብረቀርቃል። በየገጹ አራት አራት ልጆች ጋውን ለብሰው፣ ከጀርባቸው በኮምፒዩተር የገባ ፏፏቴ እየወረደ፣ ከሥራቸው ደግሞ ከየትም የተቀዳ የእንግሊዝኛ ጥቅስ ተለጥፏል። አንዱ ጥቅስ በሰባት ልጆች ሥር ቃል በቃል ተደግሟል። አንድም ልጅ የጻፈው አንድም ዓረፍተ ነገር የለበትም። ያዘጋጀው ፎቶ ቤት ነው፤ የሸጠው ኮሚቴው ነው፤ የከፈለው ወላጅ ነው። ከልጆቹ የሚጠበቀው ፈገግ ማለት ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን፣ መጽሔቱን ሊያዘጋጁ የሚችሉ ሃያ ኮምፒዩተሮች በዚያው ግቢ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተኝተዋል!

በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለች። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋሽንግተን አፍንጫ ሥር ናት። ሰባተኛ ክፍል ስለገባችው ልጇ ስታወራኝ «የመረጠችው ትምህርት የዓመት መጽሐፍ ነው» ብላ አሳቀችኝ። «እሱ ደግሞ ትምህርት ነው?» አልኳት። አስረዳችኝ። እዚያ መካከለኛ ደረጃ ላይ ልጆች ከግዴታው ትምህርት ሌላ በፈቃዳቸው የሚመርጡት ትምህርት አላቸው። ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ የውጭ ቋንቋ፣ ኮምፒዩተር፣ ከእነዚህም መካከል የዓመት መጽሐፍ ዝግጅት። ይህን የመረጡ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ካሜራ ይዘው በግቢው ይዞራሉ፤ ሰው ያነጋግራሉ፤ ከፎቶው ሥር መግለጫ ይጽፋሉ፤ ገጹን በኮምፒዩተር ራሳቸው ያቀናብራሉ፤ ስም ያርማሉ፤ የማተሚያ ቤቱ ቀነ ገደብ ሲደርስ ይጨነቃሉ። ውጤትም ይሰጣቸዋል። መጽሐፉ እዚያም በነጻ አይታደልም፤ ይሸጣል። ነገር ግን «የማይገዛው ልጅ ፎቶስ?» ብዬ ስጠይቃት «ባይገዛስ? ተማሪ አይደለም እንዴ? ይወጣል እንጂ!» አለችኝ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሟት።

አሜሪካ ገነት ናት ልላችሁ አይደለም። እኛ ጋ የቸገረውን ብር እዚያ እንደ ውሃ ይረጩት ይሆናል። ነገር ግን የነገሩ ብልሃት ብር የሚጠይቅ አይደለም። የእህቴ ልጅ በአንድ ቅዳሜ አሳየችኝ።

ሰፈራችን ውስጥ «ኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ታፔላ የለጠፈች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ማመልከቻዬንም ጽሑፌንም የምትተይብልኝ ደንበኛዬ ናት። «እቴ፣ እነዚህን አራት ልጆች ለግማሽ ቀን አስቀምጭልኝ፤ የሚበላሽ ነገር ካለ በኔ ይሁን» አልኳት። ልጆቹ ሃምሳ ስምንት የክፍል ጓደኞቻቸውን ስም በደብተር ጽፈው፣ በእኔ ስልክ ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዘው መጡ። ጠዋት ላይ ማውሱን የያዘችው ልጅ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደ እኩለ ቀን ሲሆን ግን አንዷ ትተይባለች፣ አንዱ ፎቶ ይቆርጣል፣ ሁለቱ በነገር ይጨቃጨቃሉ።

በምን ተጨቃጨቁ መሰላችሁ? ማን ይቅደም በሚለው! አንዱ «በደረጃ ይሁን፣ አንደኛ የወጣው ይቅደም» ሲል ሌላዋ «እንዲያ ከሆነ የመጨረሻዋ ልጅ መጽሐፉን ለእናቷ አታሳይም» አለችው። በፊደል ተራ ተስማሙ። ከዚያ «ኃይሉ» በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ ተጣሉ፤ ለባለቤቱ ስልክ ደውለው ጠየቁት። «ስሙን እሱ ነው የሚያውቀው» አለች የእህቴ ልጅ። በጋዜጣ ሥራ ዓመታት ያስቆጠርኩት ሰውዬ አፌን ይዤ አዳመጥኩ። እኔ ስም ሳላጣራ ጽፌ ተወቅሼ የተማርኩትን እነሱ በግማሽ ቀን ደረሱበት።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከሃምሳ ስምንቱ አንዷ ፎቶ አልነበራትም። ፒያሳ የነበረው ሰፈሯ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቤተሰቧ ከከተማው ዳር ሄደና፣ ልጅቷ በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤቱን ለቀቀች። ስልኳን የሚያውቅ የለም። «በቃ ትውጣ፣ አልጨረሰችም» አለ አንዱ። የእህቴ ልጅ ዝም ብላ ባዶ አራት ማዕዘን ሠራችና ከሥሩ ስሟን ጻፈች። ቀጥላም «እስከ ጥር ከእኛ ጋር ነበረች» ብላ ተየበች።

ውድ አንባቢያን፣ ሰፈር ሲፈርስ ስንት አባወራ እንደተነሣ በመግለጫ ይነገረናል። ከ8ኛ ክፍል ሦስተኛው ቤንች ላይ ማን እንደተነሣ የነገረን ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ጋዜጠኝነት ማለት ከዚህ የተለየ ነገር ነው እንዴ?

ስምንት ገጽ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ። በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ሃምሳ ሰባቱም ልጆች አንዳንድ ደረሳቸው። የከፈለውም ያልከፈለውም አለበት። ፏፏቴ የለውም።

በነገራችን ላይ፣ እናንተ በእጃችሁ ይዛችሁ የምታነቡት የግል ጋዜጣ የተወለደውም እንደዚሁ ነው። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጥቶ ቅድመ ምርመራ ሲነሣ፣ ብዙዎቹ አዘጋጆች የነበራቸው አንድ ጠባብ ክፍል፣ የኪራይ ኮምፒዩተርና የምትተይብላቸው ልጅ ነበር። ያን ጊዜ የአማርኛ ፊደል ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው አይግባቡም፤ በአንዱ የተተየበው በሌላው ሲከፈት የጨረባ ተዝካር ይሆናል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚስማሙበት የፊደላት መዝገብ፣ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህ ታሪክ ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ቢነገረው ምን ይጎድላል? «የኮምፒዩተር ክፍሎችን ዘርዝር» ከሚለው ጥያቄ አያንስም።

እንግዲህ ተቃውሞ የሚያነሡ እንዳሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «መብራት የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ ኮምፒዩተሩ አይበቃ» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ነው ምርጫ ይሁን የምለው። አንዱ ልጅ ሥዕል ይምረጥ፣ ሌላው ግብርና፣ ሌላዋ መጽሔት። ለሃያ ልጆች አምስት የሚሠራ ኮምፒዩተር ይበቃል፤ መጽሔት ለማቀናበር ኢንተርኔት አያስፈልግም። መብራት በሌለበት ቀን ስም ይጣራል፣ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፣ ገጹ በእርሳስ ይነደፋል። ኮምፒዩተር ጭራሽ ያልደረሰው የገጠር ትምህርት ቤትስ? እሱ ሌላ ዕዳ ነው፤ መከፈል አለበት። ነገር ግን የሌለውን ከማልቀስ በፊት ያለውን እንክፈት።

ሁለተኛው ተቃውሞ በአፍ አይነገርም እንጂ በሆድ አለ። «ልጆቹ የማይሆን ነገር ቢጽፉስ?» ይህን እኔም በልጅነቴ ቀምሼዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነበርኩ። ጠዋት በሰልፍ ላይ ዜና እናነባለን፤ በግድግዳ መጽሔት ላይ እንለጥፋለን። አንድ ቀን የሽንት ቤታችንን ነገር ጽፌ ለጠፍኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ወረቀቱ ተነሥቷል፤ እኔም ወላጅ አምጣ ተባልኩ። ሽንት ቤቱ ግን አልተነሣም፤ እንደሸተተ ከረመ!

አሜሪካኖቹም ከዚህ ነጻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1983 በሚዙሪ ግዛት የሄዝልዉድ ኢስት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ካዘጋጁት ጋዜጣ ሁለት ገጽ አስወጡ። ጽሑፎቹ ስለ ተማሪ እርግዝናና ስለ ወላጆች ፍቺ ነበሩ። ልጆቹ ከሰሱ፤ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1988 በአምስት ለሦስት ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ተፈረደ። እኔ ከተረቺዎቹ ጋር ነኝ። ቢሆንም አንድ ነገር ቀንቼባቸዋለሁ። ልጆቹ ወላጅ አምጡ አልተባሉም፤ ክርክራቸው በአገሪቱ ትልቁ ችሎት ተሰማ። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ «ከስምንተኛ ክፍል በታች አይመለከትም» የሚል አላነበብኩበትም። መምህር ያርም፤ ሰውን የሚሰድብ ካለ «ይህ ነውር ነው» ብሎ ያስተምር። እውነቱን ግን አይንቀል።

ስለዚህ የምጠይቀው አምስት ሚሊዮን አይደለም። ሦስት ነገር ነው። የኮምፒዩተሩ ክፍል ቁልፍ ከንብረት ክፍል ወጥቶ ለሚያስተምረው መምህር ይሰጥ፤ በትምህርት ላይ የተበላሸ ኮምፒዩተርም እንዳለቀ ጠመኔ ተቆጥሮ ከማንም ደመወዝ አይቆረጥ። በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ለሚመርጡ ልጆች የዓመት መጽሔት ዝግጅት እንደ አንድ ትምህርት ተቆጥሮ ክፍለ ጊዜና ውጤት ይኑረው። መጽሔቱም ላይ ለመውጣት ማንም ልጅ ሳንቲም አይጠየቅ፤ ልጅ በክፍሉ መገኘቱ ክፍያው ነው።

ጽሑፌን ከማስረከቤ በፊት በዚያው ትምህርት ቤት በር አልፌ ነበር። ፍርግርጉ እንደተቆለፈ ነው። የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ሌላ ግቢ ሄዳለች፤ ታናሽ ወንድሟ ግን ሰባተኛ ክፍል ደርሷል። ትናንት ማታ ደብተሩን ሳየው ማውሷን ስሏታል። ጅራቷ ከእህቱ ሥዕል ይረዝማል።

ቸር ይግጠመን!